ጄኔራል አማን አንዶምን ከመጨረሻው ወር ተነሥቶ መዳኘት፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የደርግ የመጀመሪያው ሊቀመንበር ስለነበሩት ስለ ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ለኔም ከየአቅጣጫው ደርሶኛል። ላላነበባችሁት ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ጄኔራሉ ሱዳን ያደጉ ባይተዋር ነበሩ፣ ማዕረጋቸውም የንጉሡ ችሮታ ነው ይላል። የ1956ቱ የሶማሊያ ጦርነት ዝናቸው የተጋነነ ነው ይላል። ከጦሩ ሲነሡ ቂም ቋጠሩ፣ በዚያ ቂም ደርግን መሠረቱ ይላል። ሥልጣን ሲይዙ ለኤርትራ ግንባሮች አደሉ፣ ለታሰሩት የንጉሡ ባለሥልጣናት ግድያ በር ከፈቱ፣ በመጨረሻም በገዛ ግትርነታቸው ሞቱ ብሎ ይደመድማል።

ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ስድብ የለበትም። ጸሐፊው እንደደከሙበትም ያስታውቃል። ችግሩ ሌላ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየን የውትድርና ሕይወት ከመጨረሻው ወር ተነሥተው ወደ ኋላ ነው ያነበቡት። በኅዳር 1967 ደርግ በጄኔራሉ ላይ የለጠፈውን ክስ ይዘው ወደ ሐረር፣ ወደ ኮሪያ፣ ወደ ካርቱም ይሄዳሉ። የሚፈልጉትንም እዚያ ያገኙታል። ያንን ክስ ያረቀቁት የገደሏቸው ሰዎች መሆናቸውን ግን አንድም ቦታ አላነሡም።

ከልጅነታቸው ልጀምር። ቤተሰባቸው ኤርትራ ውስጥ ከሐማሴን፣ ከጸዓዘጋ ነው። እሳቸው ያደጉትና የተማሩት ካርቱም ነው። እስከዚህ ጽሑፉ ልክ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ባይተዋር» ማለት ግን ዘመኑን አለማወቅ ነው። ጃንሆይ በ1932 መጨረሻ ከእንግሊዝ አገር ወደ ካርቱም ሲመጡ ኢትዮጵያ በጣሊያን እጅ ነበረች። ኤርትራማ ከዚያ በፊት አምሳ ዓመት ያህል የጣሊያን ቅኝ ግዛት ሆና ቆይታለች። በዚያ ጊዜ ለአንድ ካርቱም ላደገ ወጣት የኢትዮጵያን ጦር መቀላቀል ምን ጥቅም ነበረው? ደመወዙ የረባ አይደለም። ድሉ እርግጠኛ አይደለም። የሚያስገድደውም መንግሥት የለም። አማን ግን ገና አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ሳሉ ተቀላቀሉ። ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅሉ የነበረው ጦር፣ ከስደተኞችና ከአርበኞች እንዲሁም እንደ አማን ካሉ ወጣቶች የተውጣጣ ነበር። ኢትዮጵያን አገር ሳትሆን የመረጠን ሰው ባይተዋር ማለት ይከብዳል።

ችሮታ የሚለውም ነገር ውሃ አያነሣም። በዚያ ዘመን በትውልድ የሚገኝ ሹመት ነበር፣ ማንም አይክደውም። የራስ ልጅ፣ የደጃዝማች ልጅ፣ የቤተ መንግሥት አማች መንገዱ የተጠረገ ነበር። አማን ግን ከነዚህ አንዱም አይደሉም። ፕሮቴስታንት ቤተሰብ፣ ካርቱም ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ጦር ሠራዊት፣ ያላቸው ይኸው ነው። ኮሪያም ዘምተዋል። የቃኘው ሻለቃ በ1943 የመጀመሪያው ቡድን ፑሳን ሲደርስ፣ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆኖ ነው የተዋጋው። ከዘመተው ኢትዮጵያዊ አንድም ሰው በጠላት እጅ አልተማረከም። እዚያ የተዋጋ መኮንን ማዕረጉን ከእልፍኝ አልተቀበለም።

የ1956ቱ ጦርነት ላይ ለጸሐፊው ግማሽ እውነት እሰጣቸዋለሁ። እውነት ነው፣ የሶማሊያ ጦር በቁጥር ከኛ በጣም ያነሰ ነበር። እውነት ነው፣ የአየር ኃይላችን ሚና ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጄኔራሉን የሚያደንቁ ሰዎች ድሉን በሙሉ ለአንድ ሰው ሲያሸክሙት እኔም አይመቸኝም። ከዚህ ተነሥቶ «ጦርነት አልነበረም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

በጊዜው የነበረውን ሁኔታ አስቡት። ሶማሊያ ነፃ ከወጣች አራት ዓመት እንኳ አልሞላትም። ባንዲራዋ ላይ ያለው ኮከብ አምስት ጫፍ አለው፤ አንዱ ጫፍ የኛን ኦጋዴን የሚያመለክት ነበር። በ1955 ማብቂያ አካባቢ ኦጋዴን ውስጥ አመፅ ተነሣ። ከዚያ ነገሩ አድጎ በ1956 ጥርና የካቲት በቶጎ ውጫሌና በሌሎች የድንበር ቦታዎች መደበኛ ጦር ከመደበኛ ጦር ገጠመ። ድንበሩ በጣም ረጅም ነው። ውሃ የለም። መንገድ የለም። ስንቅና ነዳጅ ከሐረርና ከድሬዳዋ ተጭኖ ነው የሚሄደው። እዚያ የሚዋጋ አዛዥ ትልቁ ጠላቱ ርቀት ነው። ሐረር የነበረው አንበሳው 3ኛ ክፍለ ጦር ይህን ሁሉ ችሎ ድንበሩን አስከበረ። አዛዡ ጄኔራል አማን ነበሩ። «የበረሃው አንበሳ» የሚለውን ስም ያገኙትም በዚሁ ነው። መጋቢት ላይ በሱዳን አሸማጋይነት ካርቱም ላይ ተኩስ ቆመ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ካይሮ ላይ ተሰብስቦ፣ አገሮች ከቅኝ ግዛት የወረሱትን ድንበር እንዲያከብሩ ወሰነ።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1969 ማብቂያና በ1970 መግቢያ፣ የሶማሊያ ጦር ጅግጅጋን ይዞ እስከ ሐረር አፋፍ መጣ። የ1956ቱን ጦርነት ማቃለል የሚያምራቸው ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ ጥሩ ነው። ያ ድንበር ዝም ብሎ የሚከበር ድንበር አልነበረም።

ስለ ቂሙ ብዙ አልልም። ጄኔራሉ ከጦሩ ተነሥተው ወደ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተላኩ። ምክንያቱ ድንበር ተሻግረው እንግፋ ማለታቸው ነው ይባላል። በዚያ ዘመን ለአንድ የጦር አዛዥ ሴናተር መሆን ምን ማለት እንደነበር የማያውቅ የለም። ወንበር አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ወታደር የለም። ያስከፋ ይሆናል። ነገር ግን ለአሥር ዓመት ያህል እዚያ ቆይተዋል። ጸሐፊው በነዚህ ዓመታት ሠርተውታል የሚሉትን አንድም ሤራ አይጠቅሱም። ቂም ያለ ማስረጃ የሚለጠፍ ነገር ከሆነ፣ ማናችንም ላይ ሊለጠፍ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት እመጣለሁ። ጽሑፉ ጄኔራል አማንን የደርግ መሥራች ይላቸዋል።

የደርግ አመሠራረት የታወቀ ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ነገሌ ቦረና ላይ ወታደሮች በምግብና በውሃ ጉዳይ አመፁ። የካቲት ላይ ደብረ ዘይትና አስመራ ተከተሉ። የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ፣ እንዳልካቸው መኮንን ተሾሙ። ሰኔ 21 ቀን 1966 ከየክፍሉ የተወከሉ ወታደሮች አዲስ አበባ፣ አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ተሰበሰቡ። ወደ 120 ሰው ይሆናሉ። ማዕረጋቸው ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ነው። ከሻለቃ በላይ ማንም እንዳይገባ የተደረገው ደግሞ ሆን ተብሎ ነው፤ ከፍተኛ መኮንኖች ከንጉሡ ጋር የተነካኩ ናቸው ተብለው ተጠርጥረው ነበር። እንግዲህ ሌተና ጄኔራል አማን በዚያ አዳራሽ በየት በኩል ገብተው ነው የመሠረቱት?

ደርግ የፈለጋቸው ከተመሠረተ በኋላ ነው። ለምን እንደፈለጋቸውም ግልጽ ነው። አባላቱን አገሩ አያውቃቸውም። ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሚለውን ስም በዚያ ክረምት አዲስ አበባ ላይ ቢጠሩት የሚያውቀው ስንት ሰው ነበር? አማን ግን ይታወቃሉ። ወታደሩ ይወዳቸዋል። በሙስና የሚያማቸው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ኤታ ማዦር ሹም፣ ቀጥሎ መከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ሲወጡ፣ አማን የጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀመንበር ተባሉ። ሊቀመንበር የሆኑት አባል ላልሆኑበት አካል ነው። ድምፁ ያለው ሌላው ዘንድ ነው፣ ፊርማው የሚፈለገው እሳቸው ዘንድ።

ጄኔራሉን ልወቅስ ብል የምወቅሳቸው እዚህ ላይ ነው። ጽሑፉ ይህን አልነካውም። ሹመቱን መቀበላቸው ስሕተት ነበር ብዬ አምናለሁ። ሻለቃ ለጄኔራል ይታዘዛል ብለው አሰቡ። ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ሥርዓት እንዲያ ስለሆነ አይፈረድባቸውም ይሆናል፤ አገሩ ግን ዋጋ ከፍሎበታል። የደርግን አባላት ቁጥር ለመቀነስ፣ ሥልጣኑንም ወደ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ለመሳብ ሞክረዋል። በዚያ ሰዓት ጊዜው አልፎ ነበር። ታንኩም መትረየሱም በነዚያ ሻለቆችና ሻምበሎች እጅ ነበር። ከሳቸው ቀጥለው ሊቀመንበር የሆኑት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲም ቢሆኑ ጥር 26 ቀን 1969 በዚያው ደርግ ውስጥ ተገደሉ። ወንበሩ የማን እንደነበር ከዚህ በላይ የሚናገር የለም።

የኤርትራው ክስ ከሁሉም የከፋ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያመኝም እሱ ነው።

ጸሐፊው ያሉትን በቅንነት ላስቀምጥ። አማን ኤርትራዊ ስለነበሩ፣ ጦር ወደ ኤርትራ እንዳይላክ ከለከሉ። በዚህም ሁለቱ የኤርትራ ግንባሮች፣ ጀብሃና ሻዕቢያ፣ ጊዜ አገኙ፣ ታረቁ፣ ተጠናከሩ። ይኸው ነው ክሱ። ሦስቱን ለየብቻ እንያቸው።

ጦር እንዳይላክ መቃወማቸው እውነት ነው። ደርግ 5,000 ያህል ተጨማሪ ወታደር መላክ ፈለገ፣ እሳቸው እምቢ አሉ። ግን በምትኩ ምን አሉ? ነሐሴ 1966 ወደ ኤርትራ ወረዱ። አስመራ ስታዲየም ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ሰማቸው። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ባለሥልጣን ለአስመራ ሕዝብ በቋንቋው ሲያናግረው አስቡት። ከአሥር ዓመት በላይ ጦርነት፣ ፍተሻ፣ የተቃጠለ መንደር ያየ ሕዝብ ነው። ይዘውት የሄዱት ሐሳብ አንድነት ነው። አስተዳደሩ ይሻሻል፣ እስረኛ ይፈታ፣ ስደተኛው ይመለስ፣ በመሣሪያ ሳይሆን በንግግር ይለቅ ነው ያሉት። መገንጠልን አልደገፉም። እንዲያውም ግንባሮቹ ሐሳባቸውን ያልተቀበሉት አንድነትን ስለያዘ ነው፤ ግንባሮቹ የሚፈልጉት ነፃነት ነበር። ለተገንጣይ ያደላ ሰው ተገንጣዮቹ አይሆንም የሚሉትን ሐሳብ ይዞ ይመጣል እንዴ?

የግንባሮቹን እርቅ በተመለከተ ጸሐፊው ጊዜውን በትክክል አስቀምጠዋል፣ ምክንያቱን ግን አይደለም። ጀብሃና ሻዕቢያ ከ1964 ጀምሮ እርስ በርስ ይዋጉ ነበር። በ1967 መግቢያ ላይ የሐማሴን ገበሬና የአስመራ ነዋሪ «ልጆቻችን ለምን ይጋደላሉ» ብሎ ወደ ወኪና ዛግር መንደሮች ወጥቶ ነው መሐል የገባው። ይህ የሕዝብ ሽምግልና ነው። ከአማን ቢሮ የወጣ ትእዛዝ አይደለም።

ትንሽ ቆም ብለን ማየት ያለብን ግን «ኤርትራዊ ስለነበሩ» የምትለዋን ሐረግ ነው። ጸሐፊው ሌላ ማስረጃ ሲያጡ የሚመለሱት ወደሷ ነው። ጄኔራሉ ከሐማሴን ባይሆኑ ኖሮ ያንኑ የሰላም ሐሳብ ሲያቀርቡ አርቆ አሳቢ ይባሉ ነበር። የትውልድ ቦታቸው ተጨመረና ክህደት ሆነ። በኛ አገር ይህ አነጋገር ስንት ሰው እንደበላ እናውቃለን። ሐረር በረሃ ላይ ሰንደቅ ዓላማውን ይዘው ሲቆሙ የትውልድ ቦታቸውን የጠየቀ አልነበረም። በሰላም ጊዜ ነው የተጠየቁት። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሕዳ ከ1945 እስከ 1955 ስትኖር፣ ፌዴሬሽኑም ሲፈርስ፣ ብዙ ኤርትራዊ መኮንን በኢትዮጵያ ጦር ውስጥ አገልግሏል። እነዚያን ሁሉ በአንድ ሐረግ መጠርጠር ከየት የመጣ ፍርድ ነው?

የሳቸው ሐሳብ ይሠራ ነበር ወይ? እኔ ይሠራ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ግንባሮቹ ጠንክረው ነበር። የተቃራኒው ሐሳብ ውጤት ግን በዓይናችን አይተነዋል። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ጦሩ ተላከ። ጥር 23 ቀን 1967 አስመራ ራሷ የጦር ሜዳ ሆነች። ከዚያ ጦርነቱ እስከ 1983 ቀጠለ። የስንት ሺህ ገበሬ ልጅ፣ ከወሎም ከሸዋም ከሲዳሞም፣ በዚያ ተራራ ቀርቷል።

የመጨረሻው ክስ የእስረኞቹ ጉዳይ ነው። ጽሑፉ ሊቀመንበር እያሉ ባለሥልጣናቱ ስለታሰሩ የግድያው ተጠያቂ ናቸው ይላል። መጀመሪያ ነገር፣ እስራቱ የተጀመረው ከሳቸው በፊት ነው። የቀድሞ ሚኒስትሮች ከሚያዝያ 1966 ጀምሮ መታሰር ጀምረዋል። ደርግ በሰኔ ማለቂያ ሲመጣ ሥራውን አሰፋው። የስም ዝርዝር በሬዲዮ ይነበባል፣ ስማቸው የተጠራው ብዙዎቹ በእግራቸው ሄደው እጃቸውን ይሰጣሉ። በሌላ በኩል የወሎን ረሃብና የባለሥልጣናቱን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ሕጋዊው መንገድ ክፍት ነበር ማለት ነው። ጄኔራል አማን የያዙት ይህንን መንገድ ነው። ያለ ፍርድ ሰው አይገደልም አሉ። ከደርግ ጋር ያጣላቸው አንዱ ትልቅ ነገር ይኸው ነው። የሞት ውሳኔ አልፈርምም ያለን ሰው ለግድያው በር ከፈተ ማለት እንዴት ይቻላል?

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነገሩ ከረረ። ጄኔራሉ ተኳርፈው ቤታቸው ተቀመጡ። ከድሮ ክፍሎቻቸው ጋር መልእክት ተለዋውጠዋል። ጸሐፊው ይህን «የመፈንቅለ መንግሥት ዝግጅት» ይሉታል። በወረቀት የአገሩ መሪ እሳቸው ነበሩ እኮ። መሪው ላይ ነው የተፈነቀለው።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ቅዳሜ ነበር። ደርግ ተሰብስቦ የእስረኞችን ስም እያነሣ እጅ በማውጣት ወሰነ። ችሎት የለም። ጠበቃ የለም። የተከሳሽ ቃል የለም። በዚያው ዕለት የጄኔራሉ ቤት በወታደርና በታንክ ተከበበ። ተታኮሱ። እዚያው ሞቱ። አምሳ ዓመታቸው ነበር። በዚያው ሌሊት አምሳ ዘጠኝ እስረኞች ከርቸሌ ውስጥ ተረሸኑ። እሑድ ጠዋት ሬዲዮው ሁሉንም በአንድ ላይ ደምሮ «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ብሎ ነገረን። «ያለ ምንም ደም» የተባለው አብዮት ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲባሉ የነዚህ ሰዎች ግድያ ከክሱ አንዱ ነበር።

ጸሐፊው «እጃቸውን ቢሰጡ ይተርፉ ነበር፣ ግትርነት ገደላቸው» ይላሉ። መልሱ ያለው በዚያው ሌሊት ስም ዝርዝር ውስጥ ነው። ልጅ እንዳልካቸው መኮንን እስረኛ ነበሩ፣ ተገደሉ። አክሊሉ ሀብተ ወልድ እስረኛ ነበሩ፣ ተገደሉ። ሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበ እስረኛ ነበሩ፣ ተገደሉ። ከነሱ ጋር ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬም ነበሩ። ከበደ ገብሬ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር አዛዥ ናቸው። በኮሪያ ተራራ ላይ ለአንድ ሰንደቅ ዓላማ የቆሙት ሁለት መኮንኖች፣ አንዱ እየተኮሰ፣ አንዱ እጁ እንደታሰረ፣ በአንድ ሌሊት በገዛ አገራቸው ጦር ጥይት ሞቱ። እጅ መስጠት ከመካከላቸው ማንንም አላተረፈም።